ሮንዳ፦ የውኃው ደረጃ የሚናገረው

(በሬድዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይስፈን።



የአንደሉስ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስታውሰው ሦስት ከተሞችን ነው። ቁርጡባ፣ ኢሽቢሊያና ገርናጣ፤ ዛሬ ኮርዶባ፣ ሴቪያና ግራናዳ የሚባሉትን ማለታችን ነው። ስለ ቁርጡባ ታላቅ መስጂድና ስለ ገርናጣ የሐምራ ቤተ መንግሥት በዚህ ዝግጅት ከአንድ ጊዜ በላይ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይዘናችሁ እንሄዳለን። ይህች ከተማ በደቡብ ስፔን ተራሮች መካከል በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ሮንዳ ናት። የዐረብ ጸሐፊዎች ሩንዳ ይሏታል።

ወደዚህች ከተማ የሄድነው አስቀድመን አቅደን አልነበረም። ለአንድ የትምህርት ስብሰባ ወደ ስፔን ተጋብዘን ነበርና ስብሰባው ሲያበቃ አንድ ቀን ተረፈን። በማላጋ የሚኖር አንድ ሞሮኳዊ ወንድማችን፣ «ያ ሸይኽ፣ ትልልቆቹን ከተሞች ሁሉም ያያቸዋል፤ እኔ የኢብን ዐባድን አገር ላሳያችሁ» አለን። ስሙን ስንሰማ ልባችን ተነሳ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

መንገዱና ከተማዋ

ከማላጋ እስከ ሮንዳ ያለው ርቀት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከባሕሩ ዳርቻ እየራቀ ወደ ተራራ ይወጣል። ግራና ቀኙ የወይራ ዛፍ ነው። አልፎ አልፎ ነጫጭ ቤቶች ያሏቸው መንደሮች በኮረብታ ጎን ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። የብዙዎቹ መንደሮችና ወንዞች ስም ዐረብኛ ነው። ስማቸው «ጓዳል» ብሎ የሚጀምረው ወንዞች ሁሉ «ዋዲ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጡ ናቸው። በሮንዳ ሥር የሚፈሰው ወንዝም ጓዳሌቪን ይባላል።

እግረ መንገዳችንን ስለ ቋንቋው ስንጫወት አንድ ነገር አስደነቀን። ስፔኖች ሩዝን «አሮዝ»፣ ስኳርን «አሱካር»፣ ዘይትን «አሴይቴ» ይላሉ። ሦስቱም ከዐረብኛ የገቡ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው እነዚህን ቃላት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሰው ከአገር ይባረራል፤ የዕለት ጉርሱ ስም ግን በባራሪው አፍ ላይ ይቀራል።

ሮንዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሕዝቧ ከ30 ሺህ ብዙም አይበልጥም። ከተማዋን ጥልቅ ገደል ለሁለት ይከፍላታል። በገደሉ ላይ የተሠራውና «አዲሱ ድልድይ» የሚባለው ድልድይ ከፍታው 98 ሜትር ሲሆን ግንባታው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ በ1793 ነው። አዲስ የተባለው ከእርሱ በፊት ሌሎች ድልድዮች ስለነበሩ ነው። ዛሬ በአውቶቡስ የሚጎርፈው ጎብኚ በአብዛኛው ይህን ድልድይና ጥንታዊውን የበሬ መታገያ ሜዳ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። አሮጌው የሙስሊሞች ከተማ ግን ከድልድዩ ማዶ በስተደቡብ ነው።

ሙስሊሞች ወደ አንደሉስ የተሻገሩት በ92 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 711) በጧሪቅ ኢብን ዚያድ መሪነት ነው። ሮንዳም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በእጃቸው ገባች። የታኩሩና አውራጃ ዋና ከተማም ሆነች። የኡመያዎች ኸሊፋነት ፈርሶ አንደሉስ በየከተማው በነገሡ ትንንሽ ገዢዎች ስትከፋፈል፣ ሮንዳም በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የበኑ ኢፍረን በርበሮች የራሳቸውን መንግሥት አቆሙባት። ይህም ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ በ1065 የኢሽቢሊያው ገዢ አል-ሙዕተዲድ ዋጣት። ልብ በሉ፤ ያጠፋት ሙስሊም ጎረቤቷ ነበር።

ከሮንዳ የተገኙ ሦስት ሰዎች

ከተማ የሚለካው በድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ባፈራቸው ሰዎችም ነው። ይህች ትንሽ ከተማ ካፈራቻቸው ውስጥ ሦስቱን እናንሳ።

የመጀመሪያው አባስ ኢብን ፊርናስ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሮንዳ አካባቢ ተወልዶ እ.ኤ.አ በ887 በቁርጡባ ሞተ። የበርበር ተወላጅ ነበር። ከድንጋይ ብርጭቆ የማውጣትን ጥበብ በአንደሉስ እንዳስተዋወቀ፣ የውኃ ሰዓት እንደሠራና የሰማይ ከዋክብትን የሚያሳይ ክፍል በቤቱ እንዳዘጋጀ ተጽፏል። ይበልጥ የሚታወቀው ግን ለመብረር ባደረገው ሙከራ ነው። የአል-መቀሪ የታሪክ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ሰውነቱን በላባ ሸፍኖ ክንፍ አበጅቶ ከከፍታ ላይ ተወርውሮ ጥቂት ርቀት በአየር ላይ ተንሳፈፈ። ሲያርፍ ግን ጀርባው ተጎዳ። ወፍ ስታርፍ በጅራቷ እንደምትታገዝ ልብ ሳይል ጅራት አልሠራም ነበርና። በጨረቃ ላይ ካሉት ጉድጓዶች አንዱ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሁለተኛው ገጣሚው አቡል በቃእ አር-ሩንዲ ናቸው። በ601 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 1204) ተወልደው በ684 (እ.ኤ.አ 1285) አረፉ። በዘመናቸው ቁርጡባ በ1236፣ በለንሲያ በ1238፣ ጀያን በ1246፣ ኢሽቢሊያ በ1248 እ.ኤ.አ አንድ በአንድ ሲወድቁ አዩ። ያን ጊዜ ለአንደሉስ የገጠሙት ሙሾ ከሞሮኮ እስከ ዒራቅ ዛሬም በቃል ይጠናል። ብዙ ሰው ይህ ግጥም ገርናጣ ስትወድቅ የተገጠመ ይመስለዋል። እርሳቸው ግን የሞቱት ከገርናጣ ውድቀት ከ200 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ተነግሮ ነበር ማለት ነው። ሰሚ ግን አልተገኘም።

ሦስተኛው፣ ሞሮኳዊው ወንድማችን ስማቸውን የጠራልን፣ ኢብን ዐባድ አር-ሩንዲ ናቸው። በ733 ዓመተ ሂጅራ ገደማ (እ.ኤ.አ 1333) በሮንዳ ተወለዱ። አባታቸው የዚያችው ከተማ ኸጢብ ነበሩ። ልጁ በሰባት ዓመታቸው ቁርኣንን ሐፈዙ። ከዚያም ዒልም ፍለጋ ባሕሩን ተሻግረው ፋስ፣ ቲሊምሳንና ሰላ ተማሩ። በመጨረሻም በፋስ የታላቁ የቀረዊዪን መስጂድ ኢማምና ኸጢብ ሆነው በ792 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 1390) እዚያው አረፉ። የኢብን ዐጣኢላህን «ሒከም» ያብራሩበት መጽሐፍ በየአገሩ ባሉ የዒልም ቤቶች ይነበባል። እኛም በልጅነታችን ከሸይኻችን እግር ሥር ተቀምጠን «ሒከም»ን ስንቀራ፣ ሸይኻችን «ሩንዲ እንዲህ አሉ» እያሉ ይተረጉሙልን ነበር። «ሩንዲ» የአገር ስም መሆኑን እንኳ አናውቅም ነበር። ከዓመታት በኋላ በዚያች አገር ቆመን ስንገኝ የተሰማንን ስሜት በቃል መግለጽ ያዳግተናል።

ሚናራውና ሚሕራቡ

ወደ አሮጌው ከተማ ስንገባ አስጎብኚ ያዝን። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ የዚያው ከተማ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ሞሮኳዊው ወንድማችን ከስፔንኛ ወደ ዐረብኛ ይተረጉምልን ነበር።

መጀመሪያ ያየነው በአንዲት ትንሽ አደባባይ ላይ ብቻዋን የቆመች አጭር ሚናራ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራች ናት። የሚናራዋ መስጂድ ከተማዋ ከተያዘች በኋላ የቅዱስ ሴባስቲያን ቤተ ክርስቲያን ተደረገ። በሚናራዋ አናት ላይም የደወል ማንጠልጠያ ተጨመረባት። ዛሬ መስጂዱም የለም፤ ቤተ ክርስቲያኑም የለም። የቀረችው ሚናራዋ ብቻ ናት። የበሯ ቅስት የፈረስ ኮቴ ቅርጽ አለው።

ቀጥለን ወደ ዋናው ቤተ ክርስቲያን አመራን። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው የከተማዋ ታላቅ ጁሙዓ መስጂድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። በመግቢያው ላይ የጥንቱ ሚሕራብ ቅስት በጌጥ ቅርጹ ይታያል። ለረጅም ዘመን ከመሠዊያ ጀርባ ተሸፍኖ ቆይቶ በኋላ የተገለጠ ነው። ከፊቱ ቆመን ብዙ ዝም አልን። የኢብን ዐባድ አባት ኹጥባ ያደርጉ የነበረው በዚህች ከተማ መስጂድ ውስጥ ነበር። በዚያ ሚሕራብ ፊት ስንት ትውልድ ሱጁድ እንዳደረገ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ልባችን በቁጣ ሞልቶ ነበር። «ይህ ሁሉ ከእጃችን ተነጠቀ» የሚል ቁጣ። ከዓመታት በፊት በሚንበር ላይ ቆመን ስለ አንደሉስ ያደረግነውን ኹጥባ አስታወስን። በዚያ ኹጥባ ጥፋቱን ሁሉ በጠላት ላይ ጥለን ምእመናንን አስለቅሰን ነበር። ያ ኹጥባ ጎደሎ እንደነበረ የተማርነው ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

የሶላት ሰዓት ደርሶ ነበርና ከግንቡ ወጥተን ቦታ ፈለግን። በደቡብ በኩል ያለው የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በር «አልሞካባር» ይባላል። ስሙ «አል-መቃቢር» ከሚለው የመጣ ነው። መቃብሮች ማለት ነው፤ የሙስሊሞቹ የቀብር ሥፍራ ከበሩ ውጭ ነበርና። በመቃብር ላይ መስገድ እንደማይገባ በማሰብ ከዚያ ራቅ ብለን ወደ ማሳው ወረድን። ከአንድ የወይራ ዛፍ ሥር ዙህርና ዐስርን አሳጥረንና አጣምረን ሰገድን። አስጎብኚያችን ባርኔጣቸውን አውልቀው በትዕግሥት ጠበቁን።

ሐማሙ

ከዚያ ከገደሉ በታች በአሮጌው ድልድይ አጠገብ ወዳለው የመታጠቢያ ቤት ወረድን። ይህ ሐማም በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ ሲሆን፣ በስፔን በደህና ሁኔታ ከቆዩት የሙስሊም መታጠቢያ ቤቶች አንዱ ነው። ከጊዜ በኋላ የወንዙ ደለል ስለሸፈነው ከመፍረስ ተረፈ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተቆፍሮ ወጣ።

ሦስት ክፍሎች አሉት። አንዱ ቀዝቃዛ፣ ሁለተኛው ለብ ያለ፣ ሦስተኛው ሙቅ ነው። ጣሪያው ላይ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች ብርሃን ያስገባሉ፤ እንፋሎቱንም ያስወጣሉ። ከውጭ በእንስሳ ጉልበት የሚዞር የውኃ መቅጃ ጎማ ከወንዙ ውኃ እያወጣ በቦይ ወደ ማሞቂያው ይልክ ነበር። ሙቀቱ ከወለሉ በታች እየተላለፈ ክፍሎቹን ያሞቃል። ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ወደ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት ይታጠብበት ነበር። ንጽሕና የኢማን ክፍል መሆኑን ያመነ ሕዝብ የሠራው ሥራ ነው። በዚህም ልባችን ደስ አለው።

የውኃው ደረጃ

የመጨረሻው ማረፊያችን «የሙስሊሙ ንጉሥ ቤት» የሚባለው ሥፍራ ነበር። አስጎብኚያችን ገና ከበሩ ላይ፣ «በስሙ አትታለሉ፤ ይህ ቤት የተሠራው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ሙስሊም ንጉሥ አልኖረበትም። ማየት ያለባችሁ ከሥሩ ያለውን ነው» አሉን።

ከቤቱ ግቢ ሥር ዐለቱ ተፈልፍሎ የተሠራ ደረጃ አለ። 60 ሜትር ያህል ወደ ታች እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። የደረጃው ብዛት 200 ያህል ነው። የተሠራው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማዋ በሞሮኮ መሪኒዮች እጅ በነበረችበት ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። ዓላማው ግልጽ ነው። ሮንዳን በገደሏ ምክንያት በጦር መድፈር አይቻልም። ብትከበብ ግን ውኃ ትጠማለች። ስለዚህ ከግንቡ ሳይወጡ ውኃ የሚቀዱበት ስውር መንገድ አስፈለገ።

ውስጡ ጨለማና እርጥብ ነው። ደረጃው ያንሸራትታል። እጃችንን ግድግዳው ላይ እያስደገፍን ወረድን። በየመሐሉ ጠባቂዎች የሚቆሙባቸው ክፍሎችና የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳዎች አሉ። ታች ደርሰን አረንጓዴውን ውኃ ስናይ፣ «ማሻአላህ፣ ምን ያለ ጥበብ ነው!» አልን።

ሽማግሌው ግን ዝም ብለው ቆዩና አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «ውኃውን እየተሸከመ ወደ ላይ ያወጣው ማን እንደነበር ያውቃሉ?»

መልስ አልነበረንም። እርሳቸውም በአካባቢው ከጥንት ጀምሮ የሚነገረውን ነገሩን። ውኃውን የሚሸከሙት ክርስቲያን ምርኮኞች ነበሩ። በሰንሰለት እየታሠሩ በቆዳ በተሠራ የውኃ መያዣ ተሸክመው፣ ያንን ደረጃ ቀኑን ሙሉ ሲወጡና ሲወርዱ ይውሉ ነበር። በስፔኖች ዘንድ ከዚህ የመጣ እርግማን አለ። ሰውን ሲራገሙ ሮንዳ ላይ ውኃ ስትሸከም ሙት ይሉ ነበር።

ውድ አድማጮቻችን፣ ባዶ እጃችንን ወደ ላይ ስንመለስ እንኳ ትንፋሻችን ተቆርጦ ሦስት ጊዜ ዐረፍን። ያኔ ያንን ምርኮኛ አሰብነው። ጧት በሚሕራቡ ፊት የሞላን ቁጣ ተነነ፤ በምትኩ ሐፍረት ገባን። ከላይ ሚሕራብና ሐማም አለ፤ ከሥር ደግሞ ይህ ደረጃ አለ። ያ ከተማ ሁለቱንም ነበር። ምናልባት ከዚያ ደረጃ በወጣ ውኃ ውዱእ ተደርጎበት ይሆናል።

በዘመኑ ምርኮኛን ማሠራት በሁለቱም ወገን የተለመደ ነበር፤ በክርስቲያን ነገሥታት አገርም ሙስሊም ምርኮኞች በሰንሰለት ይሠሩ ነበር የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን እኛ የምንመዘነው በጎረቤታችን ሚዛን አይደለም። ቁርኣን በሱረቱል ኢንሳን ደጋግ ባሮችን ሲያወድስ፣ ምግብን እየወደዱት ለድኻ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ የሚያበሉ መሆናቸውን ይነግረናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በእጃችን ሥር ያሉትን ከዐቅማቸው በላይ እንዳናሸክማቸው አዘዋል፤ ካሸከምናቸውም እንድናግዛቸው። ሙዓዝን (ረ.ዐ) ወደ የመን ሲልኩም የተበደለ ሰውን ዱዓእ እንዲጠነቀቅ፣ በእርሷና በአላህ መካከል ግርዶ እንደሌለ አስተምረዋቸዋል።

ከተማዋ የወደቀችው እንዴት ነው?

አሁን ወደ እ.ኤ.አ 1485፣ ማለትም ወደ 890 ዓመተ ሂጅራ እንሂድ። በዚያ ጊዜ ከአንደሉስ በሙስሊሞች እጅ የቀረው የገርናጣ መንግሥት ብቻ ነው። እርሱም በእርስ በርስ ጦርነት ይታመስ ነበር። እ.ኤ.አ በ1482 አቡ ዐብዲላህ በአባቱ በሱልጣን አቡል ሐሰን ላይ ተነሣ። በ1483 ሉሴና ላይ በካስቲሎች ተማረከ። እነርሱም የጦር ዕርዳታ ከሚሰጡት ሰው አባትና ልጅ ቢዋጉ እንደሚሻላቸው አስበው ውል አስገብተው ለቀቁት። በ1485 ደግሞ የአባቱ ወንድም አዝ-ዘገል ሥልጣኑን ያዘ። አባት፣ ልጅና አጎት አንዲት የቀረች ርስት ሲሻሙ ጠላት በር ላይ ቆሞ ነበር።

በዚያው ዓመት የአራጎኑ ንጉሥ ፈርዲናንድ ማላጋን የሚወጋ መሰለ። የሮንዳ የጦር አዛዥ ሐመድ አሥ-ሠግሪ ብዙ ተዋጊዎቹን ይዞ ከከተማዋ ወጣ። ያን ጊዜ ፈርዲናንድ ፊቱን አዙሮ ሮንዳን ከበበ። አዛዡ ሲመለስ ቀለበቱ ተዘግቶ አገኘው፤ መግባት አልቻለም። የካስቲሎቹ መድፎች ግንቡን ሌት ተቀን ደበደቡ። የካዲዙ መስፍንም ከበባውን ከሚመሩት አንዱ ነበርና የውኃውን ደረጃ መውጫ አግኝቶ ዘጋው። ከተማዋ ውኃ ተቋረጠባት። በግንቦት 22 ቀን 1485 እ.ኤ.አ ሮንዳ እጅ ሰጠች። ከገርናጣ የመጣ ደራሽ አልነበረም።

ከተማዋ ስትያዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክርስቲያን ምርኮኞች ነፃ ወጡ። በገርናጣ ምድር ከነበሩ ምርኮኞች እግር የተፈቱ ሰንሰለቶች በቶሌዶ በአንድ ገዳም የውጭ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው እስከ ዛሬ ይታያሉ። የሮንዳ ነዋሪዎች ንብረታቸውን ይዘው እንዲወጡ ተፈቀደላቸው። 770 ዓመት ያህል የቆየ ሕይወት በጥቂት ቀናት ተበተነ።

እንግዲህ አስቡት። ሮንዳን ገደሏ አላዳናትም። ያመነችበት ስውር ውኃ ተደረሰበት። ምርኮኛ ጀርባ ላይ የተጫነ ውኃ ለከተማዋ የመጨረሻ ሰዓት አልሆናትም። አላህ በቁርኣኑ በሱረቱል አንፋል እንዳንጨቃጨቅ፣ ከተጨቃጨቅን ግን እንደምንፈራና ኃይላችን እንደሚሄድ ነግሮናል። ገርናጣ የዚህ አንቀጽ ማብራሪያ ናት።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ፍትሕን ስንናገር ለሁሉም እኩል መናገር አለብን። ድል ያደረጉትም ወገኖች ኋላ በሥልጣናቸው ተፈተኑ፤ ፈተናውንም ወደቁ። ከሮንዳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1487፣ ማላጋ ስትያዝ አብዛኛው ሕዝቧ ለባርነት ተዳረገ። በ1492 መጀመሪያ ገርናጣ እጅ ስትሰጥ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን፣ መስጂዳቸውንና ሸሪዓቸውን ይዘው እንዲኖሩ በጽሑፍ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ቃሉ ስምንት ዓመት እንኳ አልቆየም። ከ1499 ጀምሮ በግድ ማጥመቅ ተጀመረ። የዐረብኛ መጻሕፍትም በአደባባይ ተቃጠሉ።

በ1501 በሮንዳ ዙሪያ ተራሮች ያሉ ሙስሊሞች ተነሡ። ሊያስገብራቸው የመጣው ታዋቂው የጦር መሪ አሎንሶ ደ አጊላርም በሴራ ቤርሜሃ ተራራ ላይ ተገደለ። አመፁ ግን በዚያው ዓመት ተዳፈነ። በ1502 በካስቲል ግዛት ያሉ ሙስሊሞች በሙሉ ወይ እንዲጠመቁ ወይ እንዲወጡ ታወጀ። ብዙዎች በውጭ ተጠምቀው በውስጥ ኢስላምን ይዘው ቀሩ። ልጆቻቸውን በሌሊት በር ዘግተው አስተማሩ። በስተመጨረሻ ከ1609 እስከ 1614 እ.ኤ.አ ባለው ጊዜ ውስጥ 300 ሺህ ያህል የእነዚህ ሰዎች ዝርያዎች ከስፔን ተባረሩ። አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ሞሮኮ፣ አልጀሪያና ቱኒዚያ ነው።

አላህ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ቀናትን በሰዎች መካከል እንደሚያፈራርቅ ነግሮናል። እነሆ ከ1492 በትክክል 500 ዓመት ቆጥሮ በ1992 የስፔን መንግሥት ከአገሪቱ ሙስሊሞች ኮሚሽን ጋር ያደረገው ስምምነት በሕግ ጸደቀ። የሃይማኖት መብታቸውም በሕግ ታወቀ። ዛሬ በማላጋም ሆነ በገርናጣ አዛን ተደርጎ ይሰገዳል።

የነጃሺ አገር ሰዎች ነን

ወደ ማላጋ ለመመለስ ስንሰናበት ሽማግሌው ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ከኢትዮጵያ መሆናችንን ነገርናቸው። ሞሮኳዊው ወንድማችን ታዲያ ከእኛ ቀድሞ፣ «የነጃሺ አገር ሰዎች ናቸው» ብሎ ታሪኩን ያጫውታቸው ጀመር። እ.ኤ.አ በ615 የመካ ሙሽሪኮች ያሳደዷቸው ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ተሰደው እንደመጡ፤ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው አሳልፈህ ስጠን እንዳሉት፤ ክርስቲያኑ ንጉሥ ግን የስደተኞቹን ቃል በጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) አንደበት ሳይሰማ እንደማይፈርድ ተናግሮ፣ ከሰማም በኋላ በሰላም እንዲኖሩ እንደፈቀደላቸው አወራቸው።

ሽማግሌው በጥሞና ሰምተው፣ «እንዲህ ያለ ንጉሥ እዚህም ቢኖረን ኖሮ» አሉ። «ለእኛም፣ ለእናንተም» ብለው ጨመሩ።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። ከሺህ ዓመት በላይ ቢያልፍም የነጃሺ ስም በመልካም የሚነሣው ስላሠራው ሕንፃ አይደለም። በእጁ ሥር የወደቀውን ደካማ ስላልበደለ ነው። ሮንዳ ደግሞ ያን የመሰለ ሚሕራብና ሐማም ሠርታ፣ ሩንዲን የመሰለ ዓሊም ወልዳ፣ በአንድ የጨለማ ደረጃ ትታማለች።

ውድ አድማጮቻችን፣ አንደሉስን ስናነሣ ማልቀስ ብቻ አይበቃም። መመካት ብቻም አይበቃም። ሁለቱም ከጥያቄ ያስመልጡናል። ጥያቄው ይህ ነው፦ እኛ ዛሬ በየቤታችን፣ በየሱቃችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን ውኃውን የሚሸከምልን ማን ነው? በቤታችን ያለችው ሠራተኛ ደመወዟን በጊዜው ታገኛለች? የምታበላንን ትበላለች? የቀን ሠራተኛው ላቡ ሳይደርቅ ሒሳቡን ይቀበላል? በሃይማኖት የማይመስለን ጎረቤታችን ከእጃችን ሰላም ነውን? አላህ በሱረቱል ማኢዳ ለሰዎች ያለን ጥላቻ እንኳ ፍትሕን ወደ መተው እንዳይገፋፋን አዞናል። የማንጠላውንማ እንዴት እንበድላለን?

ሁለተኛውም ጥያቄ ከዚህ አይለይም። በአንድ መስጂድ ውስጥ በሹመትና በስም ስንሻማ፣ አባትና ልጅ በርስት ስንካሰስ፣ የገርናጣ አባት፣ ልጅና አጎት ምን ይዘው ቀሩ ብለን እናስብ። ሦስቱም ሱልጣን ተብለው ነበር። ከሦስቱ አንዳቸውም ለልጃቸው አገር አላወረሱም።

እኛም ያንን የቀድሞ ኹጥባችንን በሚቀጥለው ጁሙዓ አስተካክለን ደግመነዋል። በዚህኛው ጊዜ ሚሕራቡንም ደረጃውንም ተናገርን። ከሶላቱ በኋላ አንድ አዛውንት ቀርበው፣ «ልጄ፣ ፊተኛው አስለቅሶኝ ነበር፤ ይኸኛው ግን የሠራተኛዬን የሁለት ወር ደመወዝ አስታወሰኝ» አሉን። አልሐምዱሊላህ። ከሮንዳ ያመጣነው ስጦታ ይህ ነው።

አላህ የአንደሉስን ሙታን ይማርልን። ከታሪክ ተምረው ከሚስተካከሉት ያድርገን። በአንደበታችን የምንናገረውን በእጃችን የምንሠራ ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።